«ኮምፒውተሩ ሄዷል»

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ አንድ ቀን አንዲት አጭር ፍርድ ይሰማል፤ «ኮምፒውተሩ ሄዷል»። ሁለት ቃል ናት። ከእሷ በኋላ የሚመጣው ግን የሳምንታት እንግልትና ከኪስ የሚፈስ ብር ነው። ካንዴላው ሄዷል ቢባል ባለመኪናው ካንዴላውን ተቀብሎ፣ ጥቁረቱን በጣቱ ነክቶ ያምናል። የፍሬን ሸራ አልቋል ቢባል በዓይኑ ያየዋል። ኮምፒውተሩ ሄዷል ሲባል ግን የሚታይ ነገር የለም። የአሉሚኒየም ሳጥን ነው፤ ደህና በነበረበት ቀንም በሞተበት ቀንም መልኩ ያው ነው። ስለዚህ ፍርዱን የሚሰጠው ሰው ዳኛም ምስክርም ሆኖ ይቀመጣል፤ ባለመኪናው ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለውም።

የመኪና ኮምፒውተር አይበላሽም ማለት አይደለም። ይበላሻል። ጥያቄው በመኪናው ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ ሊጠረጠር የሚገባው ዕቃ ለምን በእኛ ጋራዦች ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ተጠርጣሪ እንደሆነ ነው። ይህንን ለመረዳት የአንድ ሹፌርን ታሪክ መከተል ይበቃል።

ሰውየው የራይድ ሹፌር ነው። ዕድሜው አርባን ዘለል ያለ፣ የሁለት ልጆች አባት። የ2001 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቪትዝ አለው፤ አንድ ሺህ ሲሲ ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ። መኪናዋን የገዛት ከዕቁብ በወጣለት ገንዘብና ከወንድሙ በተበደረው ነው። ብድሩ አላለቀም። መኪናዋ የተሠራችው ለጃፓን ገበያ ነበርና መሪዋ በስተቀኝ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ከመምጣቷ በፊት ዱባይ ላይ ወደ ግራ ዞሯል። ከተማችን ውስጥ እንደ እሷ መሪያቸው የዞረ ቪትዞች ጥቂት አይደሉም። መሪ ማዞር ሲባል ቀላል ይመስላል እንጂ ሙሉ ዳሽቦርዱ ይወጣል፤ በውስጡ የሚያልፈው የሽቦ ጥቅል አንዳንድ ቦታ አይደርስም፤ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ በናስትሮ ይጠቀለላል። ከዚያ ዳሽቦርዱ ይመለስና ሁሉም ነገር ከዓይን ይጠፋል። ሥራው በጥንቃቄ ተሠርቶ እንደሆነ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ባለፈው መጋቢት መኪናዋ እኩለ ቀን ላይ መጥፋት ጀመረች። ጠዋት 12 ሰዓት ወጥታ እስከ 5 ሰዓት ምንም አትልም። ፀሐዩ ሲከር፣ መገናኛ አካባቢ መንገዱ ሲጨናነቅ፣ ሞተሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ድርግም ይላል። ሹፌሩ ተሳፋሪውን ይቅርታ ጠይቆ ወርዶ ይገፋል፤ ጥግ ያስይዛል፤ መስኮቶቹን ከፍቶ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ ቁልፉን ሲያዞር ትነሳለች። በቀን አንዴ የነበረው ሁለቴ ሆነ። የተሳፋሪዎቹ ኮከብ ወረደ። አንዱ ተሳፋሪ አውሮፕላን እንዳመለጠው ነግሮ ገንዘብም አልከፈለም፤ ሹፌሩም አልጠየቀውም።

የመጀመሪያው ጋራዥ ምክንያቱን ወዲያው አገኘ። ስትሞቅ የምትጠፋ፣ ስትቀዘቅዝ የምትነሳ መኪና የነዳጅ ፓምፗ ደክሟል ማለት ነው ተባለ። አባባሉ ምክንያት የሌለው አይደለም፤ እንደዚያ የሚያደርግ ፓምፕ አለ። ፓምፑ ተቀየረ። ሁለት ቀን ደህና ሆነች፤ ሁለቱም ቀናት ደመናማ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ጠፋች። ካንዴላ ተቀየረ። ቦቢና ተቀየረ። እያንዳንዱ ዕቃ ሲገባ አሮጌው በጨርቅ ተጠቅልሎ ለሹፌሩ ተሰጠው፤ ይህ የሐቀኝነት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል፤ እውነትም መካኒኩ ሌባ አልነበረም። ቸግሮት የሚሞክር ሰው ነበር። በአራተኛው ጉብኝት ተራው የዲናሞ ሆነ።

ዲናሞ የሚሞከርበት አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪው ነጋቲቭ ይፈታል። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ያመርታል ማለት ነው፤ ከጠፋ ሞቷል። ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወርድ የመጣ ዘዴ ነው። በዲኤክስ ኮሮላና በላዳ ዘመን ብዙም አይጎዳም ነበር። ካርቡራተር ያለው ሞተር ነዳጁን የሚስበው በአየር ግፊት ነው፤ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ውስጡ የለም። ባትሪ ግን ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ብቻ አይደለም፤ ከዲናሞው የሚወጣውን ኃይል ጸጥ አድርጎ የሚይዝ ትራስም ነው። ትራሱ በድንገት ሲነሳ ዲናሞው ለቅጽበት ከ14 ቮልት ተነስቶ ወደ ብዙ አሥር ቮልት ሊወረውር ይችላል። ለአምፖል ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። በ5 ቮልት ለሚያስብ ሳጥን ግን መብረቅ ነው።

መካኒኩ ነጋቲቩን ፈታ። ሞተሩ አንዴ ዘለለና ጠፋ። ከዚያ ቀን በኋላ በራሷ አልተነሳችም። ሞተሪኖው ያዞራል፤ ካንዴላ ላይ እሳት የለም፤ ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ድምፅ አይሰጡም። ሌላም ምልክት ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። ቁልፍ ሲከፈት ሁልጊዜ የሚበራው የሞተር ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት መብራቱን አቆመ።

ስለዚህ ሁለተኛው ጋራዥ «ኮምፒውተሩ ሄዷል» ሲል ውሸት አልተናገረም። በዚያን ሰዓት ሄዶ ነበር። ማን እንደገደለው ግን የጠየቀ የለም።

እዚህ ላይ ስለ ሳጥኑ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። የሞተር ኮምፒውተር ወደ መኪና የመጣው ለቅንጦት አይደለም፤ በዋናነት የጭስ ጉዳይ ነው። አሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. የንጹሕ አየር ሕጓን ስታጠብቅ ካርቡራተር በዚያ ልክ ነዳጅ መመጠን አልቻለም። ቦሽ ነዳጁንም እሳቱንም በአንድ ሳጥን የሚያዝዘውን ሞትሮኒክ በ1979 እ.ኤ.አ. በቢኤምደብልዩ መኪና ላይ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፤ ስንት አየር እንደገባ፣ ውሃው ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ክራንኩ የት እንደደረሰ፣ የሹፌሩ እግር ነዳጁን ምን ያህል እንደረገጠ ከሴንሰሮች ይሰማል፤ ከዚያ ኢንጀክተሩ ለስንት ሺኛ ሰከንድ ይከፈት፣ እሳቱ መቼ ይብረቅ ብሎ ይወስናል። በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ይወስናል። ይህንን የሚያደርገው ግን የሚበላው ኤሌክትሪክ ንጹሕ ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ማለትም ግራውንዱ ጥብቅ ከሆነ፣ ሴንሰሮቹም እውነት ከነገሩት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ሳጥኑ የታመመ ይመስላል።

ሹፌሩ ወደ ሶማሌ ተራ ሄደ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። የመኪና ውስጥ ዕቃ እንደ ሽንኩርት ተዘርግፎ የሚሸጥበት ሰፈር ነው፤ አንድ ሱቅ የበር እጀታ ብቻ፣ ሌላው ስፖኪዮ ብቻ፣ ሌላው መብራት ብቻ። ኮምፒውተር የሚሸጠው ሱቅ ጠባብ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ በመደርደሪያ ላይ እንደ መጽሐፍ ተሰድረዋል። ብዙዎቹ ከዱባይና ከሻርጃ ከተፈቱ መኪኖች የወጡ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ የቶዮታዎቹ ብዙውን ጊዜ በ89661 ይጀምራሉ። ይህ ቁጥር «የሞተር ኮምፒውተር ነኝ» ማለት ነው እንጂ ሌላ ነገር አይናገርም። ምስጢሩ ከሰረዙ በኋላ ባሉት አምስት ቁጥሮች ነው። የሞተሩ መጠን፣ ካምቢዮው ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ፣ መኪናው የተሠራው ለየትኛው አገር ገበያ እንደሆነ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ሁለት ሳጥን በአንዲት ቁጥር ብቻ ቢለያዩ ሶኬታቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ጠባያቸው ግን የሁለት ሰው ነው።

«ቪትዝ ነው የምትፈልገው አይደል ወንድሜ? ይኸው ቪትዝ» አለው ባለሱቁ።

«ቁጥሩ እኮ ከእኔው ጋር አንድ አይደለም።»

«ሶኬቱ አንድ ነው። ሶኬቱ ከገባ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ከአውሮፓ የወጣ ንጹሕ ዕቃ ነው፤ ከጃፓኑ ይሻላል።»

ሹፌሩ በጎኑ የቆመውን ሁለተኛውን መካኒክ አየው። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ፤ ይሠራል ማለቱ ነበር። ከብር ወደ ዕቃ ከመለወጡ በፊት ባለሱቁ አንድ ነገር አስታወሰ፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም። ይህ ሕግ በሶማሌ ተራ ብቻ ያለ አይደለም፤ በዓለም ላይ ያለ የመለዋወጫ ሱቅ ብዙው እንዲህ ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ገዢው ወስዶ በተበላሸ መኪና ላይ ሰክቶ አቃጥሎት ሊመልሰው ይችላል። የሻጩን ሥጋት መረዳት ይቻላል። ግን ይህ ሕግ የስህተቱን ሸክም በሙሉ የሚያሸክመው ከሦስቱ ሰዎች መካከል ስለ ዕቃው ምንም የማያውቀውን አንዱን ሰው ነው።

ዋጋው የሁለት ሳምንት ተኩል ገቢ ያህል ነበር፤ ገቢ ይገባ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ በድርሃም ተገዝቶ የሚመጣ አሮጌ ሳጥንም አብሮ ወጥቷል።

ሳጥኑ ተሰካ። ሶኬቱ ገባ፤ ባለሱቁ እውነቱን ነበር። ቢጫው መብራት በራ። ሁሉም ተደሰቱ። ሞተሪኖው አዞረ፤ አዞረ፤ አልተነሳችም።

ሳጥኑ የወጣው አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብሎ ከሚሸጠው የቪትዝ መንትያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ የስርቆት መከላከያ ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው አስገድዷል። ቁልፉ ራስ ውስጥ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቺፕ አለች፤ ኮምፒውተሩ የእሷን ቁጥር ካልሰማ ነዳጅ አይሰጥም። የሹፌሩ ቪትዝ ለጃፓን ገበያ ስትሠራ ይህ አልተገጠመላትም። ስለዚህ ሳጥኑ የሚያውቀውን ቁልፍ እየጠበቀ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ አውሮፓ አንድ ቦታ ከተፈታው መኪና ጋር ቀርቷል። አሮጌ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ብረት ብቻ አይገዛም፤ የሌላ መኪና ትዝታም አብሮ ይገዛል። ሙሉ ዕቃው ቁልፉን፣ ቁልፉን የምታነብበውን ቀለበትና ሳጥኑን አንድ ላይ አድርጎ ቢሸጥ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። አለዚያም ውስጡ ያለችውን የማስታወሻ ቺፕ አንብቦ የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንደነዚህ ያሉ ልጆች አሉ፤ ጎበዞችም ናቸው፤ ሁለተኛው መካኒክ ግን አያውቃቸውም ነበር።

ሹፌሩ ሱቁ ሲመለስ የተጠበቀውን መልስ አገኘ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ለሦስት ቀን ማንንም አላናገረም። ሚስቱ አሜሪካ ቨርጂኒያ ላለው የወንድሟ ልጅ ደወለች። ልጁ ሌሊቱን በኢንተርኔት ሲፈልግ አድሮ እጅግ ርካሽ የሆነ ኮምፒውተር አገኘሁ ብሎ ላከላቸው፤ እዚያ ኤኮ ተብላ የምትሸጠዋ የቪትዝ እህት ናት። የእሷ ሞተር ግን 1.5 ሊትር ነው። መልካም ልብ ነበር፤ ጥሩ ነቱ ፖስታው ከመላኩ በፊት አንድ ሰው ነገራቸው።

ያ ሰው በስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ቀድሞ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑ ነበር። ሱቃቸው በኮሪደር ልማቱ ተነስቶ አሁን የሚሠሩት በአንድ ዘመዳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ታፔላ የላቸውም። ሹፌሩ በተጎታች አምጥቶ ሲያቆምላቸው ኮፈን አልከፈቱም። ወንበር አምጥተው ጠየቁት።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ ልጄ። መጀመሪያ የጠፋችብህ ቀን ምን እያደረግህ ነበር?»

«እየነዳሁ ነው ጋሼ። ፀሐይ ነበር።»

«ፀሐይ ሲሆን ምን ታደርጋለህ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ።»

«ተሳፋሪ አቧራ ነው ዝጋ ቢልህስ?»

ሹፌሩ ዝም አለ። ከዚያ «ማራገቢያውን እከፍታለሁ» አለ።

«ስትጠፋብህስ?»

«አጠፋዋለሁ። ባትሪ እንዳይጨርስ።»

ሽማግሌው ቴስተራቸውን አመጡ። የወሰደባቸው ጊዜ ቡና ተወቅጦ እስኪፈላ አይሞላም። አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኮምፒውተሩ ግራውንድ ሽቦ ላይ አደረጉ። ጤነኛ ግራውንድ ከሆነ በሁለቱ መካከል የሚነበበው ዜሮ ነጥብ አንድ ቮልት እንኳ አይሞላም። ቁልፍ ከፍተው ተመለከቱ፤ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ንባቡ ከአንድ ቮልት አለፈ። ዳሽቦርዱን በእጃቸው ሲመቱት ደግሞ ይዘል ጀመር። ዳሽቦርዱ ወረደ። ከጀርባው፣ መሪው ሲዞር የተቀጠለ ሽቦ ተገኘ፤ የማራገቢያውና የኮምፒውተሩ ግራውንድ በአንድ ቀጭን ሽቦ ተጠቃልለው፣ ሳይበየዱ ተጠማዝዘው፣ በናስትሮ ታስረዋል። ናስትሮው ሲፈታ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል።

መኪናዋን ያጠፋት ሙቀት አልነበረም። ሹፌሩ ሲሞቀው የሚከፍተው ማራገቢያ ነው። ፓምፑም ደህና ነበር፤ ካንዴላውም፣ ቦቢናውም፣ ዲናሞውም፣ በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩም ደህና ነበር። ሽማግሌው የሞተውን ሳጥን ከፍተው ለሹፌሩ አሳዩት፤ ኃይል ከሚገባበት አጠገብ የጠቆረች ቦታ ነበረች፤ ከሥሯ ያለው የመዳብ መስመር ተልጦ ተነስቷል። ይህኛው አይጠገንም አሉ። አንዳንዱ ይጠገናል። በአሮጌ ሳጥኖች ውስጥ ዕድሜያቸው ሲደርስ ፈሳሽ የሚያወጡ ካፓሲተሮች አሉ፤ እነሱ በጊዜ ከተቀየሩ ሳጥኑ ሌላ አሥር ዓመት ሊኖር ይችላል።

ኮምፒውተር በራሱ ጊዜም እንደሚሞት የሚያሳይ ትልቅ ምሳሌ አለ፤ ቶዮታ ራሱ ያመነበት ነው። ነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ በሰሜን አሜሪካ የሸጣቸውን ከ2005 እስከ 2008 የተሠሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖች ጠራ። በሞተር ኮምፒውተሩ ሰሌዳ ላይ አንዳንድ የብየዳ ነጥቦች ወይም ከመጠን ያለፈ ቮልት የምትከላከለው ክፍል ሊሰነጠቁ እንደሚችሉ፣ ሞተሩም እየሄደ ሊጠፋ እንደሚችል ታውቆ ነበር። ባለመኪኖቹ በፖስታ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ሳጥኑ በነጻ ተለወጠላቸው። ደብዳቤ የሚደርሰው ግን ስሙና አድራሻው በፋብሪካው መዝገብ ላለ ሰው ነው። ሦስት አገር ዞሮ፣ መሪው ተቀይሮ፣ አምስተኛ እጅ ላይ የደረሰ መኪና ምንም ደብዳቤ አይመጣለትም። ለእኛ መኪኖች ያለው ፋብሪካ ያ ሽማግሌና እንደ እሳቸው ያሉት ናቸው።

ይህ ደግሞ የአንድ ሹፌር ጉዳይ ብቻ መሆኑ የቀረበት ጊዜ ላይ ነን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በታክስ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና እንዳይገባ፣ የሚገባው ኤሌክትሪክ እንዲሆን ወሰነ። ለውሳኔው ምክንያት ተሰጥቷል፤ አገሪቱ ለነዳጅ የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ከባድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከራሳችን ወንዞች ይመነጫል። ክርክሩ ለሌላ ቀን ይቆይ። ግን ውሳኔው ያልተነገረ ሌላ ግማሽ አለው። ተተኪ የማይገባለት መኪና ዕድሜው በግድ ይረዝማል። ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች እንደ ላዳ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ይነዳሉ፤ ላዳ ግን ኮምፒውተር አልነበራትም። በቆርቆሮ ቀጥቅጦ፣ ብሎን አጥብቆ ማኖር የሚቻልበት ዘመን አልፏል። ለእነዚህ መኪኖች የሚያስፈልገው ቮልት የሚለካ እጅ ነው።

በቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን የሚሰጠው ትምህርት፣ ጋራዦች ለፈቃድ የሚጠየቁት፣ ለመካኒኮች የሚሰጠው የብቃት ምዘና ይህንን ተከትሎ ሊሄድ ይገባል። ኤሌክትሪክ መኪናዎቹም ቢሆኑ ከዚህ አያድኑንም፤ እነሱ በአንድ ሳጥን ፋንታ ብዙ ሳጥን ይዘው ነው የመጡት፤ የባትሪው ቮልት ደግሞ በመቶዎች ይቆጠራል። የ2001 ቪትዝ ግራውንድ መለካት ያልለመደ ጋራዥ እነሱን እንዴት እንደሚቀበል ማሰብ ያስፈራል። የስካነር እጥረት ነው የሚሉ አሉ። ርካሽ ስካነር ዛሬ በየሱቁ ሞልቷል፤ በዚያ ላይ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩ የዚያ ዘመን መኪኖች ብዙዎቹን አያናግራቸውም። ስካነር ቢያናግራቸውም የሚነግረው ኮምፒውተሩ የሰማውን ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ በተራበ ጊዜ ምንም አይነግርም። ሽማግሌው የተጠቀሙት መሣሪያ ከአንድ ጎማ ዋጋ በብዙ ያነሰ ነው።

ስለ መጀመሪያው መካኒክም ፍርድ ለመስጠት መቸኮል አያስፈልግም። ያስተማረው ሰው ያስተማረውን ነው የሠራው። በሙከራ ዕቃ መቀያየር በእኛ አገር የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ ቁጭ ብሎ መጠየቅና መለካት ግን አይከፈልበትም። ባለመኪናም «ምን ቀየርህ?» ብሎ ይከፍላል እንጂ «ምን አወቅህ?» ብሎ አይከፍልም። ሽማግሌው ግራውንዱን ሲያገኙ ዋጋቸውን ቢናገሩ ሹፌሩ ለአንድ ሽቦ ይህን ያህል ብሎ መገረሙ አይቀርም ነበር፤ እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ሁሌም ዝቅ አድርገው ነው የሚጠይቁት።

ትክክለኛው ሳጥን የመጣው ከሻርጃ ነው። ሽማግሌው የሞተውን ሳጥን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስተው ለአንድ ዕቃ አምጪ በቴሌግራም ላኩለት፤ አሥሩም ቁጥር አንድ ካልሆነ እንዳያመጣ አስጠነቀቁት። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በእነዚህ ቀናት ሹፌሩ በሌላ ሰው መኪና ሌሊት ሌሊት ሠራ፤ የትልቋ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከወንድሙ በሁለተኛ ብድር ተከፈለ። ሳጥኑ ሲመጣ ሽማግሌው ወዲያው አልሰኩትም። መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ግራውንድ ከማራገቢያው ለይተው ለብቻው በየዱ። የገባውን ኃይል ለኩ። ቦቢናዎቹንና ኢንጀክተሮቹን አንድ በአንድ አጭር ዙር እንደሌለባቸው አዩ፤ የቀድሞውን ያቃጠለ ነገር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ አዲሱንም ያቃጥለዋልና። የባትሪውን ነጋቲቭ ፈትተው ሰኩት፤ ከዚያ መልሰው አሰሩ። ቢጫው መብራት በራ፤ ሞተሩ ሲነሳ ጠፋ። ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ብሎ ቆየና ተረጋጋ። ሹፌሩ ከሰማው ነገር ሁሉ ያስገረመው ሽማግሌው ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ለግማሽ ሰዓት ያህል ሞተሩን እያሠሩ ሌላ ሥራ መሥራታቸው ነበር።

ከአውሮፓ የወጣው ሳጥን አሁንም በሹፌሩ ቤት ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። በሰፈር ግሩፕ ላይ ለሽያጭ አውጥቶታል፤ ፎቶው ላይ ቁጥሩ በትልቁ ይታያል፤ ከሥሩም ኢሞቢላይዘር ያለበት መሆኑን ጽፏል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ደውሎ ሶኬቱ አንድ ከሆነ ዛሬውኑ ልምጣና ልውሰደው አለው። ሹፌሩ መጀመሪያ የመኪናህን ወረቀት ፎቶ ላክልኝ አለው። ሰውየው እስካሁን አልላከም።